በከረጢት የሚያድግ ችግኝ ስንት ጊዜ ይዛወራል?
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ዛፍ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ነፋሱ ነው። ከተተከለ ስድስት ሰባት ዓመት የሆነው፣ ቅጠሉ የለመለመ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ ዛፍ በነሐሴ ዝናብ አፈሩ በራሰበት ሌሊት ተጋድሞ ሲያድር፣ የአካባቢው ሰው «ነፋሱ ጣለው» ብሎ ያልፋል። ይሁን እንጂ ከግንዱ ጋር ተነቅሎ የወጣውን ሥር ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ሰው ሌላ ምስክር ይገኛል። ሥሮቹ ወደ አራቱ ማዕዘን ከመዘርጋት ይልቅ እንደ ገመድ ጥቅል ተጠማዝዘው፣ አንዱ ሌላውን አንቆ፣ የአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ቅርጽ ይዘው ይታያሉ። ከረጢቷ በተከላው ዕለት ተቀዳ ተጥላለች። ቅርጿ ግን በዛፉ ውስጥ እስከ ውድቀቱ ቀን ኖሯል።

የዚህ ንግግር ርእስ ከዚሁ የሚነሣ ነው። በዕቃ ውስጥ የሚያድግ ተክል ወደ ቋሚ ቦታው እስኪደርስ ድረስ ስንት ጊዜ ሊዛወር ይገባዋል? በየስንት ጊዜውስ? ጥያቄው ሲሰሙት የአትክልተኛ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከረጢቱ በስፋትና በቁመት ተለክቶ፣ በብዛት ተመርቶ፣ በመኪና ተጭኖ የሚሠራበት ዕቃ ነው። ስፋቱን፣ ክብደቱን፣ የውሃ አያያዙንና የቆይታ ዘመኑን የሚወስን ሰው የምሕንድስና ውሳኔ ይወስናል። ውሳኔውም ከዓመታት በኋላ በቆመ ወይም በወደቀ ዛፍ ይፈረዳል።

በአገራችን የነገሩ ስፋት የታወቀ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚያም ወዲህ የየክረምቱ ተከላ በቢሊዮን የሚቆጠር ዕቅድ የሚወጣለት ሆኗል። በዚህ መጠን በሚሠራ ሥራ ላይ በአንዲት ከረጢት ውስጥ የምትፈጠር ትንሽ ስሕተት በቁጥሩ ልክ ትባዛለች።

1. ከረጢቱ ለሥር ምን ያደርጋል?

የሥር ጫፍ በተፈጥሮው ወደ ታች ይወርዳል፤ የጎን ሥሮችም ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። በሜዳ ላይ ሥሩ ድንጋይ ቢያጋጥመው ዙሮ ያልፈዋል፤ ካለፈው በኋላም ወደ ቀድሞ አቅጣጫው ይመለሳል። የፕላስቲክ ግድግዳ ግን ለስላሳና ማለቂያ የሌለው ክብ ነው። ግድግዳውን የነካ ሥር የሚያልፍበት ማዕዘን ስለማያገኝ ክቡን ተከትሎ ይዞራል። ገና ለጋ ሳለ ይህ ዙረት ጉዳት አያሳይም። ከጊዜ በኋላ ግን ሥሩ እንጨት ይሆናል፤ እንጨት የሆነ ጥምዝ ደግሞ ከረጢቱ ቢነሣለትም ተመልሶ አይቃናም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። ባዶውን ሲዘረጋ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፖሊቲን ቱቦ አፈር ሲሞላ ዙሪያው 16 ሴንቲ ሜትር፣ አግድም ስፋቱ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በቀን 1 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ ብርቱ ሥር ቢታሰብ፣ ከመሐል ተነሥቶ ግድግዳውን ለመንካት ሦስት ቀን እንኳ አይፈጅበትም። ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ከረጢት ወርዶ ወለሉ ላይ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ በየ16 ቀኑ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ብዙው ሥር ከዚህ ቀስ ብሎ እንደሚያድግ እሙን ነው። ቢሆንም በከረጢት ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ በወራት ሲቆጠር፣ ሥሩ የሚዞርበት ጊዜ ግን በሳምንታት እንደሚቆጠር ከዚህ ስሌት መረዳት ይቻላል።

ይህ ሥጋት ዛሬ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳ ቪክቶሪያ ከተማ ላይ በተተከሉ ዛፎች የሥር ቅርጽ ላይ ብቻ የተወያየ የደን ባለሙያዎች ጉባኤ ተደርጓል። በዚያን ዘመን በዕቃ የማፍላት ዘዴ በፍጥነት ተስፋፍቶ ስለነበር፣ ዕቃው በሥር ላይ የሚተወው ቅርጽ ባለሙያዎችን ያሳስባቸው ጀምሮ ነበር። ከዚያ ዘመን ወዲህ የመጡ የችግኝ ዕቃዎች በውስጥ ግድግዳቸው ላይ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ሸንተረሮች አሏቸው። ሸንተረሩ ሊዞር የመጣውን ሥር ገትቶ ወደ ታች ይመራዋል። ወለላቸውም ክፍት ሆኖ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከቀዳዳው ብቅ ያለ የሥር ጫፍ ደረቅ አየር ሲነካው ይቆማል፤ በእርሱም ፈንታ ከላይ በኩል ብዙ ቅርንጫፍ ሥሮች ይወጣሉ። ይህ በአየር መግረዝ ይባላል።

2. ከመጀመሪያው ሰፊ ዕቃ ቢሰጠውስ?

ጥበት ጉዳት ከሆነ፣ ዘሩን ከመጀመሪያው በሰፊ ዕቃ ዘርቶ ማዛወርን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይከተላል። በአንድ ወገን ነገሩ ይደግፈዋል። ሄንድሪክ ፑርተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ 65 ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ የዕቃው ይዘት በእጥፍ ሲያድግ የተክሉ ክብደት በአማካይ በ43 በመቶ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ሰፊ ዕቃ የሚያመጣው ዕድገት እንግዲህ የሚያከራክር አይደለም።

በሌላው ወገን ሁለት ነገሮች ይቃወሙታል። አንደኛው ክብደት ነው። ከላይ የተጠቀሰው 8 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ከረጢት 300 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ይይዛል። 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ደግሞ 900 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛል። እርጥብ አፈር በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.3 ግራም ቢመዝን፣ ትንሹ 400 ግራም፣ ትልቁ 1.2 ኪሎ ግራም ይሆናል። በ2 ሜትር ርቀት የሚተከል አንድ ሄክታር 2,500 ችግኝ ይፈልጋል፤ ይህም በትንሹ ከረጢት 1 ቶን፣ በትልቁ 3 ቶን መሆኑ ነው። መኪናው መንገዱ ጫፍ ላይ ሲቆም የቀረውን ዳገት የሚያወጣው የሰው ጀርባና የሰው ትከሻ ነው። በችግኝ ጣቢያውም ቢሆን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከትንሹ ወደ 380፣ ከትልቁ ግን ወደ 170 ብቻ ይደረደራል። መደቡ፣ ጥላው፣ ውሃውና የሚመጣው የደን አፈር በዚያው ልክ ይጨምራል።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ውሃ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በጠባብ የአፈር ቀዳዳ ውስጥ ውሃ በራሱ ኃይል ተንጠልጥሎ ይቀራል። 0.3 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው ቀዳዳ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የውሃ ዐምድ ተሸክሞ መያዝ ይችላል። ስለዚህ በደቃቅ አፈር የተሞላና ከታች በአየር ላይ የተንጠለጠለ ወይም ወለሉ የተዘጋ ዕቃ፣ ቀዳዳ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ከግርጌው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል ሁልጊዜ ውሃ ጠግቦ ይቆያል። ከታች ጠጠር መጨመር ይህን ርጥብ ንብርብር ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያጠፋውም። ባለ ብዙ ሥር ተክል ይህን ውሃ በየቀኑ ጠጥቶ ለአየር ቦታ ይለቅቃል። ሁለት ቅጠል ብቻ ያላት ቡቃያ ግን በሰፊ ዕቃ መካከል ስትቀመጥ፣ ሥሯ ያልደረሰበት አፈር ሳምንቱን ሙሉ ረጥቦ ይከርማል፤ አየር ይጠፋል፤ የሥር መበስበስም ይከተላል። በደረጃ ከትንሽ ወደ ትልቅ ዕቃ የማዛወር ልማድ የመጣው ከዚህ ነው። ትርጉሙም የአፈሩንና የውሃውን መጠን ከሥሩ አቅም ጋር ማመጣጠን ነው።

3. ማዛወር የሚያስከፍለው ዋጋ

ማዛወር ነጻ አይደለም። ውሃን ከአፈር የሚስቡት ደቃቅ የሥር ፀጉሮች ሲሆኑ፣ በነቀላ ጊዜ በቀላሉ ይበጠሳሉ። ቅጠሉ ግን ውሃ ማትነኑን አያቆምም። ገቢው ተቋርጦ ወጪው የቀጠለ ቤት እንደሚቸገር ሁሉ፣ የተዛወረ ችግኝም አዲስ ፀጉር ሥር እስኪያወጣ ድረስ ይጠወልጋል፤ ዕድገቱም ይገታል። ለዚህ ነው የተዛወረ ችግኝ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ጥላ የሚያስፈልገው፤ ለዚህም ነው ሥራው በማለዳ፣ በምሽት ወይም በደመና ቀን የሚሠራው።

ከሁሉም የሚከብደው ስሕተት የሚፈጸመው በመጀመሪያው ዝውውር፣ ማለትም ቡቃያው ከዘር መደብ ተነቅሎ ወደ ከረጢት ሲገባ ነው። ሠራተኛው በሹል እንጨት የሚበሳው ቀዳዳ አጭር ከሆነ፣ የቡቃያው ዋና ሥር ጫፉ ወደ ላይ ታጥፎ የመንጠቆ ቅርጽ ይይዛል። ከላይ ሲታይ ቡቃያው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቁጥሩም ተመዝግቧል። መንጠቆው ግን ከዛፉ ጋር ያድጋል። በቡናም ዘንድ የታጠፈ ዋና ሥር የሚፈራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተክሉ ድርቅ ሲመጣ ወይም ፍሬ ሲበዛበት የሚመካበት ጥልቅ ሥር ያጣል።

መፍትሔው የታወቀና ርካሽ ነው። ቡቃያው ከሁለት እስከ አራት ቅጠል ባወጣበት ጊዜ፣ ሥሩ ገና አጭር ሳለ ይዛወራል። መደቡ አስቀድሞ ውሃ ይጠጣል። ቡቃያው በቅጠሉ እንጂ በለጋ ግንዱ አይያዝም፤ የተቀደደ ቅጠል ይተካል፣ የተጨፈለቀ ግንድ ግን አይተካም። ቀዳዳው ከሥሩ ርዝመት ጠለቅ ይላል። ሥሩ ከቀዳዳው የረዘመ እንደሆነ ጫፉ በጥፍር ወይም በምላጭ ይቆረጣል። የተቆረጠ ሥር ቅርንጫፍ ያወጣል፤ የታጠፈ ሥር ግን እንደ ታጠፈ ይቀራል።

የጉልበቱም ዋጋ ሊሰላ ይገባል። አንድን ችግኝ አንድ ጊዜ ለማዛወር 20 ሴኮንድ ብቻ ይፈጃል ቢባል፣ 100,000 ችግኝ 555 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይህም በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ አንድ ሰው ወደ 70 የሥራ ቀን ነው። አዲሱ ከረጢት፣ አዲሱ አፈርና የጥላው ድካም ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው። አላስፈላጊ የሆነ እያንዳንዱ ዝውውር ይህን ሁሉ ይበላል።

4. እንግዲህ ስንት ጊዜ?

ከላይ የተባሉት ሁለት ነገሮች ሲመዛዘኑ መልሱ ይወጣል። ዝውውር የሚያስፈልገው ሥሩ ለዕቃው ሲበቃ ነው፤ የሚያልፍበት ደግሞ ሥሩ መዞር ሲጀምር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ የባለሙያው ሥራም ያንን ጊዜ መያዝ ነው። በዚህ መሠረት እንደየተክሉ ጠባይ የሚከተለውን መናገር ይቻላል።

(ሀ) ዘራቸው ትልቅና በቀላሉ የሚበቅል ዝርያዎች በቀጥታ በከረጢት ሊዘሩ ይችላሉ። በችግኝ ጣቢያ ውስጥ ምንም ዝውውር የለባቸውም። የሚዛወሩት አንድ ጊዜ፣ ወደ ጉድጓዳቸው ብቻ ነው። ዋና ሥራቸው ሳይነካ ስለሚያድግ ሊመረጥ የሚገባው መንገድ ይህ ነው።

(ለ) እንደ ባሕር ዛፍ ዘራቸው ደቃቅ የሆነ ዝርያዎች በመደብ ተዘርተው አንድ ጊዜ ወደ ከረጢት ይዛወራሉ፤ ከከረጢት ደግሞ ወደ ሜዳ። ፈጣን በመሆናቸው ሁለተኛ ከረጢት አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛ ከረጢት ካስፈለጋቸው የተዘሩበት ቀን ስሕተት ነበረበት ማለት ነው።

(ሐ) እንደ ጽድና ዝግባ ያሉ ዘገምተኛ የአገር ዛፎች በችግኝ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያሉ። ለእነዚህ ከመጀመሪያው ጥልቅ ከረጢት መስጠት፣ ወይም በመካከሉ አንድ ጊዜ ወደ ሰፊው ማዛወር ተገቢ ነው። ከዚህ ያለፈ ዝውውር ግን ጥቅሙ ከወጪው ያንሳል።

(መ) በበረንዳ ወይም በመሥሪያ ቤት ደጃፍ በበርሜልና በገንቦ ለዘለቄታው የሚኖር ተክል፣ ለምሳሌ ሎሚ፣ ሌላ ሕግ አለው። ለእርሱ ሜዳ ስለማይመጣለት ሥሩ ዕቃውን በሞላ ቁጥር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደሚሰፋ ዕቃ ይዛወራል። ዕቃው የመጨረሻ መጠኑ ላይ ሲደርስ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ይወጣል፤ የውጭው ሥር በስለት ይገረዛል፤ አፈሩ ታድሶ ወደዚያው ይመለሳል።

በአራቱም ላይ የሚሠራ አንድ የመመርመሪያ ዘዴ አለ። ከመደቡ ዳር፣ ከመካከሉና ከጥላ ሥር ተለያይተው ከሚገኙ ቦታዎች አሥር ችግኞች ይመረጡና ከረጢታቸው ተቀዶ ይታያል። አፈሩ ወዲያው ከፈረሰ ሥሩ ገና አልያዘውም፤ ጊዜው አልደረሰም። አፈሩ ሳይፈርስ ቆሞ ነጫጭ የሥር ጫፎች ግድግዳው ላይ ደርሰው ግን ሳይዞሩ ከታዩ፣ ጊዜው ያ ነው። ወለሉ ላይ ቡናማ የሥር ምንጣፍ ከተነጠፈ ጊዜው አልፏል። አሥር ችግኝ ከመቶ ሺህ አንጻር ምንም አይደለም፤ የሚሰጠው ዕውቀት ግን ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል። የኮንክሪት ናሙና ሳይሰበር የሕንጻውን ጥንካሬ አውቃለሁ የሚል መሐንዲስ እንደማይታመን ሁሉ፣ ከረጢት ሳይቀድ ሥሩን አውቃለሁ የሚልም ሊታመን አይገባም።

አንድ የተለመደ ስሕተት በዚህ ቦታ ሊጠቀስ ያስፈልጋል። ሥሩ የዞረበትን ችግኝ እንዳለ ወደ ሰፊ ከረጢት ማስገባት መድኃኒት ይመስላል። አዳዲስ ሥሮች በአዲሱ አፈር ውስጥ ይወጣሉ፤ ቅጠሉም ይታደሳል። ይሁን እንጂ በመካከሉ ያለው ቋጠሮ በዚያው አለ፤ በትልቁ ከረጢት ውስጥ ትንሿ ከረጢት ትኖራለች። ዘግይቶ የሚዛወር ችግኝ ከታች ያለው የሥር ምንጣፍ በንጹሕ ምላጭ ተቆርጦ፣ ጎኑም በሦስት ወይም በአራት ቦታ ከላይ ወደ ታች ሊሰነጠቅ ይገባል። ከዚያም ጥላና ውሃ ይደረግለታል። ጭካኔ ቢመስልም ከተቆረጠው ጫፍ ጀርባ የሚወጡት አዳዲስ ሥሮች ወደ ውጭ የመዘርጋት ነጻነት ያገኛሉ።

5. ሳያዛውሩ ማቆየት

በዝውውር ብዛት የሚፈለገው ጥቅም በከፊል ያለ ዝውውር ሊገኝ ይችላል። የተለመደው የፖሊቲን ቱቦ ከታች ክፍት በመሆኑ፣ ሥሩ ወጥቶ መሬቱን ይበሳል። ጥቂት ሳምንት ከተተወ ችግኙ በከረጢቱ ሳይሆን በመደቡ አፈር መኖር ይጀምራል፤ በተከላ ቀን ሲነሣም አብዛኛው ሥሩ በመደቡ ተቆርጦ ይቀራል። ይህን ለመከላከል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ችግኙ ተነሥቶ ከከረጢቱ በታች የወጣው ሥር ይቆረጣል፤ ወይም ቀጭን ሽቦ በሁለት ሰው ተይዞ ከከረጢቶቹ ሥር ይጎተታል። ውሃ ከመቆረጡ በፊትም በኋላም ይጠጣል። የመጨረሻው ግርዘት በተከላው ዋዜማ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል፤ ችግኙ ከቁስሉ ሳያገግም ወደ ዳገት አይወጣም።

የአየር መግረዝ ከዚህ ይሻላል፤ በየጊዜው የሰው እጅ አይፈልግምና። ከአገር እንጨት ወይም ከሽቦ መረብ በተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከረጢት ሥሩን በራሱ ይገርዛል። ዋጋው የመደርደሪያው ወጪና የውሃው ጥንቃቄ ነው፤ ከመሬት የተለየ ከረጢት ፈጥኖ ይደርቃልና። የማኅበሩ አባላት ሙያ በቀጥታ የሚያገለግልበት መስክም ይኸው ነው። በአካባቢ ዕቃ የሚሠራ ርካሽ መደርደሪያ፣ ሸንተረር ያለውና ለብዙ ዓመት ተመላልሶ የሚያገለግል ዕቃ፣ ጭነቱን የሚያቀል የማጓጓዣ ሳጥን፣ እነዚህ ሁሉ የንድፍ ሥራዎች ናቸው።

6. ከዝናቡ ወደ ኋላ መቁጠር

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የተከላው ቀን በሰው ፈቃድ አይወሰንም፤ የሚወስነው ክረምቱ ነው። አፈሩ በጥልቀት ሲርስ፣ በአብዛኛው በሐምሌ፣ ችግኙ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። በመስከረም መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳይዘረጋ በጋ ይይዘዋል። ስለሆነም የችግኝ ጣቢያ መቁጠሪያ ከሐምሌ ወደ ኋላ መቆጠር ይኖርበታል። ለምሳሌ አንድ ፈጣን ዝርያ በከረጢት አራት ወር የሚበቃው ቢሆን፣ ለሐምሌ መባቻ ዝግጁ እንዲሆን በመጋቢት መባቻ ከረጢት ይገባል፤ በመደብ ስድስት ሳምንት የሚቆይ ከሆነም በጥር አጋማሽ ይዘራል። ከተከላው በፊት ያሉት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ውሃው እየተቀነሰ፣ ጥላው እየተነሣ ችግኙ የሚጠነክርባቸው ናቸው። ቀኖቹ እንደ ዝርያው፣ እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ቅዝቃዜው ይለያያሉ፤ የአቆጣጠሩ ዘዴ ግን አንድ ነው።

ሒሳቡ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በሥራ ላይ ግን ደለል መንገድ ይቆርጣል፤ መኪና ይዘገያል፤ ጉድጓድ ሳይቆፈር ይቀራል። አንድ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ በሐምሌ መጀመሪያ ዝግጁ ያደረገውን ችግኝ እስከ ጳጉሜን ሳይወሰድለት ሲቀር፣ በፊቱ ያለው ምርጫ ከባድ ነው። ያሳደገውን አይጥልም፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንደ ትልቅ ችግኝ ይቆጠርለታል። ቁመቱ ከሰው ወገብ የደረሰ ችግኝ ለዓይን ያምራል፤ ተከላው ላይም ቀድሞ የሚመረጥ እርሱ ነው። ከረጢቱ ሲቀደድ የሚታየውን ለማየት ግን ጊዜ ያለው ሰው አይገኝም። ዓመት ያሳለፈ ፈጣን ዝርያ በዚያች ጠባብ ከረጢት ውስጥ የሚኖረው ሥር ከቋጠሮ በቀር ሌላ አይደለም።

በዚህ ላይ አቋም መያዝ ያስፈልጋል። ያደረ ዘገምተኛ ዝርያ ሥሩ ተገርዞ በጊዜው ወደ ሰፊ ከረጢት ቢዛወር ሊድን ይችላል። ያደረ ፈጣን ዝርያ ግን ቢጣል ይሻላል። የሚጣለው ችግኝ ኪሳራው የአንድ ከረጢት አፈርና የጥቂት ወራት ውሃ ነው። የሚተከለው ቋጠሮ ግን ጉድጓዱን፣ የገበሬውን ጉልበት፣ የዓመቱን ዝናብና ያንን ቦታ ለብዙ ዓመት ይዞ ይቀመጣል።

7. የዘገየው ዕዳ

ዕዳው ለምን እንደሚዘገይ በቀላል የኃይል ሕግ ሊገለጽ ይችላል። ዛፉ ቅርጹን ሳይለውጥ ቁመቱ በእጥፍ ሲያድግ፣ ነፋስ የሚገፋው የዘውዱ ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ኃይሉ የሚያርፍበት ከፍታም እጥፍ ስለሚሆን፣ ዛፉን ሊገለብጥ የሚሞክረው ሞመንት ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ሥሩ በዚያው መጠን ወደ ጎን የተዘረጋ ዛፍ ክንዱ አብሮ ስለሚረዝም ይቋቋማል። የሥሩ ቋጠሮ በከረጢቷ ስፋት የቀረበት ዛፍ ግን መሠረቱ ሳይሰፋ ፎቅ የሚጨመርበት ሕንጻ ነው። በሁለተኛው ዓመት ይቆማል፤ በአምስተኛው ዓመት ይቆማል፤ አፈሩ በረጠበበትና ነፋሱ በበረታበት አንድ ሌሊት ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ከረጢቱን የመረጠውም፣ ቀኑን የቆጠረውም፣ የመንገዱን ጥገና ያዘገየውም በቦታው የለም።

መደምደሚያ

ጠቅለል ባለ አነጋገር፣ በከረጢት የሚያድግ ችግኝ ሊዛወር የሚገባው በተቻለ መጠን ጥቂት ጊዜ፣ ዝውውሩም ሥሩ ከመዞሩ በፊት ነው። ቡቃያ በለጋነቱ፣ ሥሩ ሳይታጠፍ ይዛወር። ከመጫኑ በፊት ከየመደቡ አሥር ከረጢት ተቀዶ ይታይ። የሥር ግርዘት በየጊዜው ይደረግ፤ አቅም ሲፈቅድ በአየር መግረዝ ይተካ። በተከላ ዕለት ፕላስቲኩ ከወለሉ ብቻ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ የተጠመጠመ ሥር ካለም ይቆረጥ። ጉድጓዱ፣ መኪናውና መንገዱ ችግኙ ከመድረሱ በፊት ይዘጋጁ። ያለፈበት ችግኝም እንዳለፈበት ይቆጠር።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሥራው የሚመዘነው በተተከለው ቁጥር ነውና። የተተከለውን በክረምት መቁጠር ይቀላል። በሦስተኛው በጋ ቆሞ የተገኘውን፣ በሰባተኛው ክረምትም ያልወደቀውን መቁጠር ግን ያደክማል፤ እስከዚያም ብዙ ሹም ይለወጣል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ የሰባተኛውን ዓመት ውድቀት ለማስቀረት የሚቻለው በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ ምላጭና በአሥር ከረጢቶች ነው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በርከክ ብሎ ከረጢት ቀድዶ የሥሩን ጫፍ የሚመለከት ሠራተኛ፣ ማንም ሳይቆጥርለት፣ የመጪውን ደን መሠረት ይመረምራል።